ለ8ኛ ክፍል ፈተና የተመዘገብንበት ማጠናከሪያ ትምህርት

ልጄ ዘንድሮ የአዲስ አበባ የ8ኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና ተፈታኝ ስለሆነችና ወደ 9ኛ ክፍል መዛወሯ በዚሁ ውጤት ስለሚወሰን፣ ሰፈራችን ባለ አንድ የማጠናከሪያ ትምህርት ማዕከል ለአራት ወራት ቅዳሜና እሁድ ስትማር ቆይታለች።

የማዕከሉ ጠንካራ ጎን የሞዴል ፈተናው ነው። ተማሪዎቹ ሰዓት ተይዞባቸው ይሠራሉ፤ የመልስ ወረቀቱን ክብ በእርሳስ በሚገባ ማጥቆርን ሳይቀር ይለማመዳሉ። ልጄ በመጀመሪያው ሙከራ አንድ ጥያቄ ዘልላ ከዚያ በታች ያሉትን መልሶች በሙሉ በአንድ መስመር አዛንፋ አጥቁራ ነበርና፣ ልምምዱን አልንቀውም።

ቅር ያሰኘኝ የሒሳቡ አሰጣጥ ነው። መምህሩ የሦስት ማዕዘን ስፋት እንዴት እንደሚገኝ ከማስረዳት ይልቅ ከ«ሀ» እስከ «መ» ካሉት አማራጮች የማይመስሉትን መሰረዝ ያስተምራሉ። ያንኑ ጥያቄ ማታ ያለ ምርጫ ስሰጣት፣ በከፍታው ፈንታ የዘመመውን ጎን አባዝታ አመጣችልኝ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ እንደነበሩ ለሚያስታውስ ወላጅ፣ እንዲህ ያለው ዘዴ እምነት የሚጣልበት አይደለም።

ለሞዴል ፈተናው ሲባል እስከ ፈተናው ድረስ እንቀጥላለን፤ ሒሳቡን ግን ቤት ውስጥ ከመማሪያ መጽሐፉ እንደ አዲስ ጀምረናል።