በየወሩ መክፈል ካቆምኩ 11 ወር፤ ዲሹ፣ ክረምቱና እናቴ

ሐምሌ በገባ በሳምንቱ ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል። እናቴ በምትከታተለው ድራማ ውስጥ አማቲቱ በሩን በርግዳ ገባች። ልትናገር አፏን ስትከፍት ፊቷ ካሬ ካሬ ሆነ። ግማሹ ወደ ግራ፣ ግማሹ ወደ ቀኝ ሄደ። ከዚያ ጥቁር። «ኖ ሲግናል» የምትል ሳጥን ብቻ ከወዲያ ወዲህ ትንሳፈፋለች። ውጭ ዝናቡ ይወርደዋል።

እናቴ ወደ ቴሌቪዥኑ ሳይሆን ወደ እኔ ዞረች።

«ነፃ ነው ያልከኝ ይሄን ነው?»

መልሱን ለማግኘት አምስት ሳምንት፣ ሁለት ዲሽ ገጣሚና አንድ የተዋስኩት መሰላል ፈጅቶብኛል።

ወርሃዊ ክፍያ የሚጠይቀውን ዲኮደር የነቀልኩት ባለፈው መስከረም ነው። የደብተርና የዩኒፎርም ወጪ ኪሴን አራግፎ የወጣበት ሰሞን ነበር። ከመንቀሌ በፊት ለአንድ ሳምንት ቤታችን ምን ምን እንደሚታይ ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ከዚያ ሁሉ ቻናል የተከፈተው ስድስት ነው። አራቱ ያለ ክፍያም ይገኛሉ። አምስተኛው ኳስ ነው። ስድስተኛውን ማንም አላየውም፤ ሪሞቱ ላይ ሰው ተቀምጦበት ነው የተከፈተው። ወረቀቱን ለባለቤቴ አሳየኋት። «ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?» አለችኝ።

የገዛሁት ይኸውና፦ አንድ ኤችዲ ሪሲቨር፣ ሁለት ሰሃን፣ ሁለቱን የምታቀያይር ትንሽ ስዊች፣ ገመድ። ከገጣሚው የእጅ ዋጋ ጋር ተደምሮ የስድስት ወር ክፍያዬን ያህል ወሰደብኝ። ስለዚህ ከመጋቢት ወዲህ የማየው በትርፍ ነው። ቢያንስ እኔ እንደዚያ ነው የማስበው።

ሁለት ሰሃን ለምን? ኢትዮሳት በ2012 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ የአገር ውስጥ ቻናሎች የሚለቀቁት 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ካለው ኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት ነው። ከዚያ በፊት ብዙዎቻችን ናይልሳት ላይ ነበርን። እሱ ያለው 7 ዲግሪ ምዕራብ ነው። ያኔ በእኛ ከተማ በደሴ ዲሽ ሁሉ ጦሳ ተራራ ላይ አፍጥጦ ነበር። አሁን ጀርባውን ለጦሳ ሰጥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ አንጋጧል፤ በጀርባው ሊወድቅ የደረሰ ነው የሚመስለው። ሁለቱ ሳተላይቶች በጣም ስለሚራራቁ አንድ ሰሃን ለሁለቱም አይበቃም። እኔ ደግሞ ሁለቱንም ፈለግኩ። የምሥራቁ ለእናቴ ድራማና ለዜናው ነው። የምዕራቡ ለትንሿ ልጄ ነው፤ ኤምቢሲ 3 ላይ የአረብኛ ካርቱን ታያለች። እናቴም ከዚያው በኩል የመካን ቀጥታ ሥርጭት ታገኛለች። ልጅቷ አሁን «ያላ! ያላ!» እያለች ነው ታላቅ ወንድሟን ከአልጋ የምታስነሳው። አያቷ በዚህ ኩራቷ ሌላ ነው።

አሮጌውን ሪሲቨር ከሳጥን አውጥቼ ልሞክር ብዬም ነበር። ቻናሎቹን ጭራሽ አላገኘም። አዲሱ ላይ ፍሪኩዌንሲውን 11105፣ ኤች፣ 45000 ብሎ ገጣሚው ሲያስገባ ግን ቻናሎቹ ተግተልትለው ገቡ። ከመስከረም እስከ ሰኔ ስለ ዕቃው የማወራው ነገር የለም። ይከፈታል፣ ይታያል፣ ይዘጋል። መብራት ሲሄድ ይሄዳል፣ ሲመጣ ይመጣል።

ክረምቱ ገባና ጉድ ፈላ።

የሸጠልኝን ልጅ እስካሁን በልቤ እየተከራከርኩት ነው። «ጋሼ፣ ይሄ ዝናብ አይበግረውም» ብሎኝ ነበር። አንተ ልጅ፣ የደሴን ዝናብ አታውቀውም? 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው የቆምነው። ሐምሌና ነሐሴ ጦሳ ራሱ ጉም ውስጥ ገብቶ አይታይም። ሳተላይቱ የሚልከው ሞገድ ከ10 ጊጋኸርዝ በላይ ነው፤ እንዲህ ያለውን ሞገድ የዝናብ ጠብታ ይውጠዋል። ይሄ የማንም ጥፋት አይደለም። ግን «አይበግረውም» አይባልም። «ዶፍ ሲጥል ለአምስት ደቂቃ ይጠፋብዎታል፣ ቡናዎን ይጠጡ» ቢለኝ አቅፌ ነበር የምስመው።

የወርሃዊ ክፍያው ሰዎችም ልባቸው አይበጥ። መልእክታቸው አሁንም ስልኬ ላይ ይገባል፤ ተመለስ፣ ቅናሽ አለ፣ ናፍቀኸናል። የእነሱም ዲሽ በዝናብ ይጠፋ ነበር እኮ! ሞገዱ ያው ነው፣ ሰማዩ ያው ነው። ልዩነቱ ያኔ ጥቁሩን የማየው ከፍዬ መሆኑ ነው።

እንግዲህ «ዝናብ ነው፣ ምን ይደረግ» ብዬ ተቀመጥኩ። ግን የእኛ አምስት ደቂቃ አልነበረም። ዝናቡ ካባራ በኋላም አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴ እስከ ማግስቱ ፀሐይ ድረስ ተመልሶ አይመጣም። የመጀመሪያውን ገጣሚ ጠራሁ። ወጣ፣ ሰሃኑን በጣት ነካ አደረገው፣ «ንፋስ አዙሮት ነው ጋሼ» አለ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ወረደ። እስከ ቀጣዩ ዝናብ ሠራ። ሁለተኛው «ኤልኤንቢው ተቃጥሏል» አለና ሰሃኑ ፊት የምትቀመጠዋን ዕቃ ቀየራት። የዕቃውን ከፈልኩ፣ የእጁን ከፈልኩ። ሦስት ቀን ሠራ። በአራተኛው ቀን ዘነበ።

ሪሲቨሩንም አቅፌ ሱቁ ሄጃለሁ። እዚያ ሰክተው አሳዩኝ። እንደ መስታወት ጥርት ያለ ምስል። ውጭ ፀሐይ ነበር፣ ምን ዋጋ አለው።

ከዚያ አንድ ማታ ዝናቡ ጋብ ሲል የእኛ ቴሌቪዥን እንደ ልማዱ ጥቁር ለብሷል። ቤቱ ጸጥ አለ። በግድግዳው በኩል የጎረቤታችን ቴሌቪዥን ይሰማል። የዚያችው አማት ድምፅ ነው! እዚያው ክፍል፣ እዚያው ደቂቃ። እናቴ ፎጣዋን አጣፋች፣ ወንበሯን ብድግ አድርጋ ግድግዳው ሥር አስቀመጠችና ጆሮዋን አስጠግታ ትከታተል ጀመር። እኔ የገዛሁት ሪሲቨር ፊት ለፊቷ ቀይ መብራቱን እያበራ ቁጭ ብሏል።

ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሰማዩ አንድ ነው፣ ዝናቡ አንድ ነው፣ ግንቡ እንኳ አንድ ነው። ስለዚህ ዝናቡ አይደለም። ዝናቡ እኛ ቤት የሚያገኘው አንድ ነገር አለ።

በማግስቱ ቅዳሜ ፀሐይ ወጣች። ሪሲቨሩን ከሶኬት ነቀልኩ። ይሄን እንዳትረሱ፤ በዚያች ገመድ ምስል ይወርዳል፣ ወደ ላይ ደግሞ ለኤልኤንቢው 13 ወይም 18 ቮልት ይወጣል። መሰላሉን ልጄ ያዘልኝ። ከኤልኤንቢው ላይ የገመዱን ጫፍ በእጄ ፈታሁት። ሲወጣ አንዲት የውኃ ጠብታ አውራ ጣቴ ላይ ወደቀች።

መሃሉ ላይ ያለችው መርፌ የምታህል መዳብ አረንጓዴ ሆናለች። ጥፍሬን ሳሳርፍባት ዱቄት ሆኖ ረገፈ። ዙሪያዋ ያለው የሽቦ ጥልፍልፍ ጠቁሮ ዝጓል። ሁለተኛው ገጣሚ አዲሱን ኤልኤንቢ ያሠረው በዚያው በበሰበሰ ጫፍ ነበር! አላሸገውም፣ ናስትሮ አልጠመጠመበትም፣ ምንም። ገመዱ ደግሞ ከጣሪያው ቀጥ ብሎ ወደ ጫፉ ስለሚወርድ ዝናቡ በገመዱ ላይ እየተንሸራተተ በቀጥታ እዚያች ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። መዳብ፣ ውኃና ኤሌክትሪክ አንድ ላይ። ባይዝግ ነበር የሚገርመኝ።

ሲግናሉ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል መጥቶ እኔ ጣሪያ ላይ፣ አንድ ሴንቲ ሜትር በማትሞላ ዝገት ላይ ነው የሚወድቀው። እኔ ደግሞ ሰማይ ሰማይ እያየሁ አምስት ሳምንት ተቀመጥኩ።

ገመዱን አንድ ስንዝር ያህል ቆረጥኩ፤ ውስጡ ብሩህ መዳብ እስኪወጣ ድረስ። በምላጭ ላጥኩት። ከአንድ ስኒ ቡና የማይበልጥ ዋጋ የከፈልኩበትን አዲስ ጫፍ አሠርኩ። ናስትሮውን ከታች ወደ ላይ ጠመጠምኩት፤ ከላይ ወደ ታች ከተጠመጠመ በየድርቡ ውኃ ይይዛል። ገመዱንም ወደ ታች ሸብ አድርጌ እንደ ቀለበት አንጠለጠልኩት፤ ውኃው እዚያ ታችኛው ላይ ይንጠባጠብ እንጂ ወደ ጫፉ አይወጣም። በመጨረሻ ሃይላንድ ቆርጬ መጋጠሚያዋን ብቻ ሸፈንኩ። ሰፈራችን ውስጥ ኤልኤንቢውን በሙሉ ሃይላንድ የሚያለብሱ አሉ፤ ፊቱን አትሸፍኑት። በላስቲኩ ላይ የተኛው ውኃ ራሱ ሲግናሉን ይቀንሰዋል።

ወርጄ ሪሲቨሩ ላይ የሲግናሉን ጥራት የሚያሳየውን ኳሊቲ ከፈትኩ። በደኅና ፀሐይ 38 ይል የነበረው 71 አለ። ለካ በበጋም ሲያነክስ ነው የኖረው። እኛ የምናየው ምስል ስለሆነ አላወቅንም፤ ዲጂታል እንደ ድሮው አንቴና እያጨፈገገ አያስጠነቅቅም፤ እየሠራ ቆይቶ ድንገት ነው ቁርጥ የሚለው።

ጥፋቱ የዕቃው ካልሆነ ለምን ዕቃውን አማርራለሁ ትሉኝ ይሆናል። አማርራለሁ! ስገዛ ማንም «ይህቺን ጫፍ አሽጋት» አላለኝም። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ሌላ ሌላው ነው፤ ዩቲዩብ ይከፍታል፣ ይቀዳል፣ ፍላሽ ያነባል። ዩቲዩቡን በስልክ ዳታ አንድ ማታ ሞከርነውና ካርዱ ሲያልቅ ተውነው። ፍላሹን በተመለከተ ደግሞ ፒያሳ ፊልም የምንጭንበት ቤት ሰጥተን እንመጣለን፣ ግማሹ ምስል አለው ድምፅ የለውም። ፋት 32 በሚባለው ፎርማት የተዘጋጀ ፍላሽ ላይ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አይገባም፤ በሌላ ፎርማት ሲደረግ የእኛ ሪሲቨር ፍላሹን አያውቀውም። በዚህ ላይ ብዙ ማለት አልፈልግም።

ኳሱን ግን ልናገር፣ ልጄ ካነበበው ይቆጣኛል። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ሁሉንም ጨዋታ በዚህ ዲሽ አናገኝም። ቅዳሜና እሑድ እየከፈለ ኳስ ቤት ይገባል። መጀመሪያ ከኪሴ ስሰጠው «እንግዲህ ይሄም ወጪ ነው» አለችኝ እናቱ። ደመርነው። ወሩን ሙሉ ቢገባ እንኳ ከበፊቱ ክፍያ ግማሽ አይሞላም። እሱም ጓደኞቹ መሃል መጮህ ይሻለዋል፤ ቤት እኔ ዝም በል እላለሁ። ብቻ ማታ ሲዘገይ መንገዱን እያየች የምትጨነቀው እናቱ ናት። ያንን መደመሪያ የለኝም።

ግዛ ትለኛለህ ወይ? ሐምሌ 20 ብትጠይቁኝ ሪሲቨሩን ወደ አዝዋ ገደል ልወረውር ነበር። ዛሬ ነሐሴ መጨረሻ ነው፤ ዛሬ ግዙ እላለሁ። ከገጣሚው ጋር ግን መሰላሉ ላይ ውጡ። ጫፏን አሳየኝ በሉት። «ጋሼ፣ አያስፈልግም» ብሎ ከመለሰላችሁ እንደሚያስፈልግ እወቁ።

ትናንት ማታ ትልቁ ዝናብ መጣ። በረዶም ቀላቀለበት። ሁላችን ዓይናችን ሣጥኑ ላይ ነው፤ ትንሿ ልጄ «አሁን ይሄዳል፣ አሁን ይሄዳል» ትላለች። ኳሊቲው 71፣ 60፣ 52 አለና እዚያው ቆመ። አልሄደም። ምስሉ ጥርት እንዳለ አማቲቱ ገባች፣ ቆመች፣ አፏን ከፈተች።

ቆርቆሮው ግን በረዶውን እንደ ከበሮ እየደበደበው አንዲት ቃል አልሰማንም። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግኩት። ምንም። ድራማው ድምፁ ወደ አማርኛ የተመለሰ ስለሆነ የሚነበብ ጽሑፍም የለው። ባለቤቴ ወደ እኔ ጆሮ ጠጋ ብላ «ይሄንንስ በናስትሮ ትጠመጥመዋለህ?» ብላ ጮኸች።

እናቴ ግን ወንበሯን ከግድግዳው ሥር ወደ መሃል መልሳለች። አማቲቱ አፏን በከፈተች ቁጥር ንግግሩን ራሷ እየሞላች ለልጅቷ ትነግራታለች፤ «‹ቤቱ የእኔ ነው፣ ውጪልኝ› አለቻት። እሷ ደግሞ ‹ወላሂ አልወጣም› አለቻት።» የቱርክ ድራማ ነው እንጂ ሴትዮዋ የሰኞ ገበያ ሰው ነው የምትመስለው።