የተራራ መንገዳችንን ለሠሩልን ጋሼ፣ ከልብ እናመሰግናለን

ጎረቤቶቼ፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ። ክረምቱ አለፈ። መንገዳችንም አለች! ዛሬ የምጽፈው ይህን ለማለት ነው።

ከኮተቤ በላይ ወደ የካ ተራራ ጫካ የምታወጣውን ቀጭን መንገድ ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። ጠዋት ጠዋት የሚሮጠው ወጣት፣ ቅዳሜ ልጆቹን አስከትሎ የሚወጣው አባት፣ በወር በ12 ዋሻ ሚካኤል የሚሳለመው ምእመን፣ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች፣ ሁሉም በእሷ ነው የሚያልፈው። ካቻምና ሐምሌ ላይ ግን መንገድነቷ ቀርቶ የጎርፍ ቦይ ሆና ነበር። አንዲት እናት ከነሸክማቸው ሲወድቁ አይቻለሁ። ቀሚሳቸው ላይ የተለጠፈው ቀይ ጭቃ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ባህር ዛፍ ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ለከተማችን ማገዶም ማገርም ሆኖ ኖሯል። ውለታው ብዙ ነው። ከሥሩ ግን ሣር እንደ ልብ አይበቅልም። ስለዚህ ዝናቡ የሚይዘው ሲያጣ አፈሩን እየጠረገ ይወርዳል። የእኛ መንገድ ደግሞ ቁልቁለቱን ቀጥ ብላ የምትወርድ ስለነበረች፣ ውሃው ያገኘው እሷን ነው። ከዚያ በፊት ገንዘብ አዋጥተን ለአንድ ሰው ከፍለን የሲሚንቶ ደረጃ አሠርተን ነበር። ውሃው በሥሩ ገባ፣ ደረጃው ተንጠልጥሎ ቀረ፣ በነሐሴ ተሰባበረ። ሰው ተስፋ ቆረጠ።

ጋሼን ያገናኘን የእድራችን ሰብሳቢ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ድንጋይ ሲክቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ስሜ አይጻፍ ስላሉ አልጽፈውም።

የመጀመሪያ ቀን ሲመጡ ዶማ አልያዙም። የያዙት ውሃ የሞላ ቢጫ ጀሪካን ነበር። ከላይ ቆመው ትንሽ አፈሰሱ፣ ከዚያ ቁጢጥ ብለው አዩት። ውሃው መሀል መንገዱን ይዞ ወረደ፣ አንድ ሥር ጋ ሲደርስ ወደ ግራ ታጠፈ፣ እንደገና ወደ መሀል ተመለሰ። የታጠፈበት ላይ ድንጋይ አኖሩ። ትንሽ ወረድ ብለው ደግመው አፈሰሱ። እንዲህ እያሉ እስከ ታች ድረስ። ከእኛ ወጣቶች አንዱ «ጋሼ፣ እዚህ ጋ በግንብ እናስቁመው?» ሲላቸው፣ «አይ ልጄ፣ ውሃ ቆሞ አያውቅም፤ አሳልፈው» አሉት።

ሥራው በሙሉ ከዚያች ቃል የወጣ ነው። ምልክት ባደረጉበት ሁሉ ድንጋዩን በሰያፍ ቀበሩት። አብዛኛው መሬት ውስጥ ነው፣ ከላይ የሚታየው ጥቂት። ውሃው እዚያ ሲደርስ ወደ ጎን ይወጣና ቁጥቋጦው ውስጥ ይበተናል። መንገዱን ራሱን ወደ ገደሉ በኩል በትንሹ ዘንበል አደረጉት፣ ኩሬ እንዳይሠራ። በጣም ቀጥ ያለውን ቦታ ደግሞ ትተው ጠመዝማዛ አወጡለት። ካቡን ያለ ሲሚንቶ ነው የካቡት፤ ውሃ በመሀሉ እየሾለከ ስለሚወጣ ገፍቶ አይጥለውም።

የቀረው የሰፈሩ ሥራ ነው። ከወረዳው ፈቃድ አወጣን። እድሩ አካፋና ዶማውን አዋሰን። ወጣቶቹ በደቦ ድንጋይ አጋዙ። እናቶቻችን ቆሎና ሻይ ይዘው ይወጡ ነበር፣ እግዜር ይስጥልን። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ በየቅዳሜው ነው የሠራነው። ሲያልቅ ጋሼ ከተዋጣው የተረፈውን ብር ቆጥረው ለእድሩ መለሱ። ማንም አልጠየቃቸውም።

ነሐሴ ላይ፣ ያ ኃይለኛ ዝናብ በጣለ ቀን፣ ጃንጥላዬን ይዤ ወጣሁ። አላስቻለኝም። የመጀመሪያዋ ሰያፍ ድንጋይ ጋ ቆሜ አየሁ። ጎርፉ ቡላ መስሎ መጣ፣ ድንጋዩን ነካ፣ ታጥፎ ጫካ ገባ። ከድንጋዩ በታች መንገዱ እርጥብ ነበር እንጂ ውሃ አልነበረበትም። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

እንጦጦ ፓርክ በ2013 ሲከፈት ሁላችንም ተደስተናል፣ አሁንም ደስ ይለናል። የሰፈር መንገድ ግን ከሰፈሩ ሰው ሌላ ጠባቂ የለውም። ሱሉልታም ሆነ ለገጣፎ፣ ተዳፋት ላይ የምትኖሩ፣ ግቢያችሁን ወይም የደብራችሁን መውጫ ጎርፍ የሚበላባችሁ ካላችሁ፣ ጋሼን አሠሯቸው። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፤ አይቸኩሉም። መሬቱ ጭቃ ሆኖ ሳለ ዶማ አያነሱም። ስለዚህ ግንቦት ሲገባ ሳይሆን ከአሁኑ አናግሯቸው። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ዋጋቸውንም አትከራከሯቸው፣ ይገባቸዋል።

የእኛ መንገድ ደግሞ በየዓመቱ ጠረጋ ይፈልጋል። ክረምቱ ያመጣው ደለል ማፋሰሻዎቹን ደፍኗቸዋል፣ ካልተጠረጉ ውሃው ተመልሶ መንገዱን ይይዛል። ከመስቀል በኋላ ባለው ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ እንገናኝ። ዶማ ያለው ዶማ፣ የሌለው ጓንት ይያዝ። ጋሼም ይመጣሉ። ጀሪካኑን እኔ ሞልቼ እይዛለሁ።