«ሐሙስ የት ናችሁ?» ብላ ለጠየቀችን የፒያሳዋ የመድን ሠራተኛ

ሰላም የጎንደር ሰዎች። ይህን ለመጻፍ ያሰብኩት ገና ጳጉሜን ላይ ነበር። ምዝገባ መጣ፣ የክፍል ድልድል መጣ፣ መስቀል መጣ፤ እንዲህ እያለ ዘገየ። እናቴ ግን በየእሁዱ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ «ያቺን ልጅ አመሰገንሻት ወይ?» ማለቷን አልተወችም፤ ዛሬ ተቀምጫለሁ። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

እህቴ ጀርመን አገር ነው የምትኖረው። እናታችንን፣ እኔንና ሁለት ልጆቼን በዚህ ክረምት በመርከብ ላንሸራሽራችሁ ብላ ተነሳች። ክሩዝ የሚሉት ነው፤ ሆቴሉ ራሱ ውሃ ላይ ሆኖ ከወደብ ወደብ ይሄዳል። እናቴ ከጣና ሌላ ሰፊ ውሃ አይታ አታውቅም። ጣናንም ቢሆን ጎርጎራ ዳር ቆማ አየችው እንጂ ጀልባ ላይ አልወጣችም። ስኳርና ደም ግፊት አለባት፤ ኢንሱሊን ትወጋለች። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀችን፦ ፍልሰታ ሳይፈታ የትም አልሄድም። ስለዚህ ጉዞው ለነሐሴ 18 ተቆረጠ።

ለቪዛው ኢንሹራንስ ያስፈልጋል ሲባል አዲስ አበባ ባለ ዘመድ በኩል በስልክ አስገዛን። በቴሌግራም አንድ ገጽ ወረቀት መጣ፦ «ሼንገን፣ 30,000 ዩሮ»። ሼንገን በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ናቸው፤ 30,000ው ደግሞ መድኑ ቢበዛ የሚከፍለው ልክ ነው። አተምኩት፣ ከፋይሉ ከተትኩት፣ ተገላገልኩ አልኩ።

ልጅቷን ያገኘኋት በሌላ ጉዳይ ነው። የባለቤቴን ባጃጅ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ላሳድስ ፒያሳ ወደሚገኝ አንድ የመድን ቅርንጫፍ ሄድኩ። ወረቀት ስፈልግ ፋይሉን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፍኩት፤ ያ የጉዞ ኢንሹራንስ ከላይ ወጣ። «ቲቸር፣ ልየው?» አለችኝ። (ተማሪዬ አልነበረችም። እጄ ላይ የነበረውን የፈተና ወረቀት አይታ ነው ቲቸር ያለችኝ።) ከመሳቢያዋ የተማሪ ማስመሪያ አወጣች። ከመጀመሪያው መስመር ሥር አስቀመጠችው፤ አነበበች፤ ወደ ታች ገፋችው፤ ደግሞ አነበበች። ከኋላዬ ሦስት ሰው ተሰልፏል። እኔ ተሳቀቅኩ፣ እሷ አልተሳቀቀችም።

ወረቀቱን ማን እንደሸጠልን አልጠየቀችም፣ የሸጠውንም አላማችም። የጠየቀችኝ የእናቴን ዕድሜ ነው። እዚህ ላይ የኛ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ጣጣ አለ። እናቴ በራሷ ቆጠራ 68 ናት። ፓስፖርቷ ግን 71 ይላል፤ መታወቂያ ስታወጣ ቀበሌ ውስጥ በግምት የተጻፈላት ዓመት ነው አብሯት የሚዞረው። የገዛነው ውል ደግሞ ከ70 ዓመት በላይ የሆነን ሰው ጨርሶ አያካትትም። በደቃቅ ፊደል ከሥር ተጽፏል። ዝቅ ሲል ደግሞ ከጉዞው በፊት የነበረ ማንኛውም በሽታ እንደማይሸፈን ይናገራል። ስኳርና ደም ግፊት ላለባት ሴት እንግዲህ ምን ቀረ? «ይኼ ወረቀት ቢያንስ ለእማማ ባዶ ነው» አለችኝ፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የተሰለፉት እንዳይሰሙ።

ቀኑም ተሳስቶ ነበር። የተቆጠረው መርከብ ላይ የምንሆንባቸው ቀናት ብቻ ናቸው። ከዚያ በፊትና በኋላ እህቴ ቤት የምናድርባቸው ስድስት ቀናት የትም የሉም። ኤምባሲው የሚፈልገው ሼንገን ውስጥ የምትቆዩበት ጊዜ በሙሉ እንዲሸፈን ነው። ይህ የኔ ጥፋት ነው፤ ለዘመዳችን የመርከቡን ቀን ብቻ ነው የነገርኩት።

ትልቁ ጉድ ግን ከኢንሹራንሱ አልነበረም። የጉዞ ዕቅዱን ካላየሁ ምንም ማለት አልችልም አለችኝ፤ ከስልኬ አሳየኋት። እህቴ በመጀመሪያ የያዘችው መርከብ ከአቴና ወደብ ተነስቶ የግሪክን ደሴቶች እየዞረ በመሐል ቱርክ ኩሻዳሲ የሚቆም ነበር። እናቴ ይህን የወደደችው ኩሻዳሲ አጠገብ ላለችው ለኤፌሶንና ለፍጥሞ ስትል ነው፤ ዮሐንስ ራእዩን ያየበትን ደሴት ሳልሳለም አልመለስም ብላለች። ልጅቷ ኩሻዳሲ የሚለው ላይ ጣቷን አኖረች። ቱርክ ሼንገን አይደለችም፣ የሼንገን ኢንሹራንስ እዚያ አይሠራም። ከዚያም በላይ ከሼንገን ወጥቶ ለመመለስ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ ያስፈልጋል፤ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በሚያዝያ 2016 ለእኛ ሰዎች እንዲህ ያለ ቪዛ እንዳይሰጥ ወስኗል። የማመልከቻው መልስ የሚጠበቅበት ጊዜም ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዝሞ ነበር። «ቪዛው ቢሰጣችሁ እንኳ ኩሻዳሲ ስትወርዱ ያልቃል፤ ግሪክ አያስገባችሁም» አለች። ይህን የሚነግረን ሰው እስከዚያ ድረስ አልነበረም። ሥራዋም አይደለም፤ እሷ መድን ሻጭ እንጂ ቪዛ አስጨራሽ አይደለችም።

ማታ ለእህቴ ደወልኩ። ተናደደች፣ አኮረፈች፣ በሁለተኛው ቀን አጣርታ ልክ ናት አለች። መርከቡን ቀየረችው፦ ጣሊያን፣ ማልታ፣ ስፔን፣ ፈረንሳይ፤ ሁሉም ሼንገን። ፍጥሞ ቀረች። እናቴ ማልታ መጽሐፉ መላጥያ የሚላት ናት ሲሏት ነው የታረቀችው፤ የጳውሎስ መርከብ የተሰበረባት ደሴት። «እሱ 276 ነፍስ ይዞ ያለ ኢንሹራንስ አይደለም እንዴ የወጣው?» ብላ ስታስቀን ሰነበተች።

አዲሱን ዕቅድ ይዤ፣ አዲስ ኢንሹራንስ ከእሷ ልገዛ ስመለስ እናቴም አብራኝ መጣች። ልጅቷ ከወንበሯ ተነስታ እሷን አስቀመጠቻት፤ ራሷ ቆማ ሠራች። ያገለገለ ፎርም ገለበጠችና ቀኖቹን በእስክሪብቶ ደረደረች፦ እሁድ ጄኖቫ፣ ሰኞ ቺቪታቬኪያ፣ እሱ የሮም ወደብ ነው፣ ማክሰኞ ፓሌርሞ፣ ረቡዕ ቫሌታ፣ ዓርብ ባርሴሎና፣ ቅዳሜ ማርሴይ፣ እሁድ እንደገና ጄኖቫ። ሐሙስ ባዶ ሆነ።

«ሐሙስ የት ናችሁ?»

«መርከብ ላይ» አልኳት።

«መርከቡስ?»

«ባሕር ላይ ነዋ።»

«ባሕሩ የማን ነው?»

እኔ ዝም አልኩ። እናቴ «የእግዜር» አለች።

ልጅቷ ሳቀችና አስረዳችን። ውሉ «በሼንገን አገሮች ግዛት» ነው የሚለው። መርከቡ ከዳር ሲርቅ የማንም ግዛት ያልሆነ ውሃ ላይ ነው፤ የሚገዛውም ባንዲራውን የሰቀለለት አገር ሕግ ነው። ብዙዎቹ የሽርሽር መርከቦች ደግሞ የፓናማ፣ የባሃማስ ወይም የማልታ ባንዲራ ነው የሚያውለበልቡት። ስለዚህ ሐሙስ ሌሊት እናቴ ብትታመም ወረቀቱ ይሠራል አይሠራም የሚለውን በግምት ልትነግረን አልፈለገችም። ለዋና መሥሪያ ቤታቸው በኢሜይል ጻፈች። «በስልክማ አዎ ይሉኛል፤ በቃል ያለ ይረሳል» ነው ያለችው። መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣ፦ መርከቡ ከአንድ የሼንገን ወደብ ወደ ሌላው እስከሄደ ድረስ ባሕር ላይ ያለው ጊዜም ይሸፈናል፣ የመርከቡ ስም ግን ሰርተፍኬቱ ላይ ይጻፍ የሚል። አትማ፣ ማኅተም አሳርፋ፣ ከሰርተፍኬቱ ጋር በስቴፕለር መታችው።

ሽፋኑንም ወደ 50,000 ዩሮ ከፍ አደረግን። 30,000 የኤምባሲው ዝቅተኛ ልክ ነው እንጂ የእናትዎ ልክ አይደለም አለችኝ። የመርከብ ክሊኒክ ትንሽ ነው፤ ከበድ ያለ ሕመም ከሆነ ሰውየውን ቀጣዩ ወደብ ያወርዱታል፣ ወይም በሄሊኮፕተር ያነሱታል። የስኳሩና የግፊቱም ነገር ተጨማሪ አረቦን ተከፍሎበት ገባ፦ በክትትል ላይ ያለና የተረጋጋ ሕመም ድንገት ቢባባስ ተብሎ። ለዚያ ከሐኪሟ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደብዳቤ አመጣን፤ የመድኃኒቱ ስምና መጠን ሳይቀር ያለበት። እግረ መንገዷን ኢንሱሊኑ በእጅ ቦርሳ ይሁን፣ ሻንጣ ክፍል ውስጥ በረዶ ሆኖ ሊበላሽ ይችላል ብላናለች።

ስም ላይ ደግሞ ምን ያህል እንደተጨቃጨቅን! እናንተም ታውቁታላችሁ፣ ፈረንጅ አንድ ቤተሰብ አንድ የቤተሰብ ስም አለው ብሎ ነው የሚያስበው። እኛ አራታችን ሦስት ዓይነት የአያት ስም ነው ያለን። የቤተሰብ ፓኬጅ ረከስ ይል ነበር፣ እሷ ግን ለእያንዳንዳችን ለየብቻ ሰርተፍኬት ካልሆነ አለች፤ ፊደሉ ከፓስፖርቱ ጋር አንድ በአንድ እየተያየ። የትንሹ ልጄን ስም እህቴ የመርከቡ ትኬት ላይ በአንድ ፊደል አሳስታው ነበር። ያን ጊዜ ተገኘ፤ ወደብ ላይ ቢሆን ኖሮ እንጃ።

እንድጽፍ ያስገደደኝ ግን ከዚህ የሚቀጥለው ነው። ሁሉም ካለቀ በኋላ፣ ልከፍል ቦርሳዬን ስከፍት፣ «ቲቸር፣ የኛ ወረቀት የማይሸፍነውን ልንገርዎት» አለች። ከተማ ወርዳችሁ ብትዘገዩና መርከቡ ጥሏችሁ ቢሄድ ቀጣዩ ወደብ ድረስ የምትሄዱበትን አንከፍልም። ከመነሻው በፊት አንዳችሁ ብትታመሙና ጉዞው ቢሰረዝ የመርከቡን ብር አንመልስም። ሐኪሙ ከካቢን አትውጡ ቢል የባከነውን ቀን አናካክስም። ይህን የሚሸፍን ውል እህትዎ ጀርመን ትግዛ፣ እዚያ ለመርከብ ተብሎ የተዘጋጀ አለ። ሌላ ሻጭ ቢሆን «ሁሉንም ይሸፍናል» ብሎ ይሸኘኝ ነበር። ለሻንጣ የሚጨመረውም አያስፈልጋችሁም አለችኝ፤ «በርበሬና ሽሮ ቢጠፋ ማን ይገምተዋል?»

እህቴ የራሷንም እንድታጣራ ልጅቷ ነግራን ነበር። የጀርመን የጤና ካርዴ በቂዬ ነው ትል የነበረችው እህቴ ደውላ ስትጠይቅ፣ የመርከብ ክሊኒክ የግል ስለሆነ ካርዱ እንደማያገለግላት ነገሯት። ለራሷም ገዛች።

ሐሙስ ደረሰ። ከማልታ በወጣን ሌሊት ባሕሩ ተነሳ። እናቴ እራት በልታ፣ ኢንሱሊኗን ተወግታ ተኝታ ነበር፤ ሌሊት የበላችውን ሁሉ አስመለሳት። ወደ 11 ሰዓት ላይ ስነካት በላብ ርሳለች፣ ስጠራት ቃሏ ይንተባተባል። ስኳሯ ወርዷል። በአፏ ጭማቂ ላጠጣት ብል አልያዘላትም። ታች ክሊኒክ ወሰድናት፤ ግሉኮስ ሰጧት፣ የማስታወክ ማስታገሻ ወጓት፣ እስከ ረፋዱ ድረስ ተኛች። እህቴ ሰርተፍኬቱ ጀርባ ላይ ልጅቷ በቀይ የከበበችውን የ24 ሰዓት ስልክ ደወለች። ከሁሉ ቀድመው የጠየቁት የመርከቡን ስምና የቀድሞ ሕመም አስመዝግባችሁ ነበር ወይ የሚለውን ነው። ሁለቱም ወረቀቱ ላይ አለ።

ክሊኒኩ ሂሳቡን የካቢናችን ሂሳብ ላይ ጻፈው፤ ከ400 ዩሮ በላይ ነበር፣ እህቴ በካርዷ ከፈለች። ደረሰኙን፣ የሐኪሙን ማስታወሻ ይዘን መጣን። እዚህ ስንደርስ ልጅቷ ቅጹን ሞላች፣ ላከች። ከእኛ የሚቀነስ ትንሽ ገንዘብ አለ፣ ኤክሰስ የሚሉት፤ እሱንም አስቀድማ ነግራን ስለነበር አልደነገጥንም። የቀረው በአምስተኛው ሳምንት ገባ። ፈጠነ አልልም። በመሐል ሁለት ጊዜ ሄጄ ነበር፤ አንዱን ቀን ኔትወርክ የለም፣ ሌላውን ቀን ስብሰባ ተብሎ ተመለስኩ። ቅርንጫፉም መቀመጫ የለው፣ ወረፋው የማን እንደሆነ አይታወቅ። ልጅቷ ስለምታነብ ደግሞ ወረፋው አይንቀሳቀስም፤ የቸኮለ ሰው ይናደድባታል፣ እኔም ከኋላ ብሆን እናደድ ነበር።

እናቴ ከማርሴይ ወደብ በሃይላንድ ጠርሙስ የባሕር ውሃ ቀድታ፣ በፌስታል ጠቅልላ፣ ሻንጣ ውስጥ ከትታ አመጣችላት። ከእኔ ተደብቃ ነው። ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጣላት «ይኸው ያ የማን ነው ያልሽው» አለቻት። እስካሁን ኮምፒውተሯ አጠገብ ነው።

ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች፤ አለቆቿ እንዳይቀየሟት ፈርታ ይመስለኛል። የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ፣ ቅርንጫፉንና የትኛው ጠረጴዛ እንደሆነ እነግራለሁ። ቅዳሜ እስከ 6 ሰዓት ትገኛለች፤ ከሰኞ ይልቅ ሐሙስ ወረፋው ይሻላል። ዋናውን ፓስፖርት ያዙ፣ ኮፒ አትቀበልም። የምትታከሙበትን ካርድና የጉዞውን ዕቅድ ቀን በቀን አትማችሁ ሂዱ፤ ባዶ ቀን ካለ መጠየቋ አይቀርም።