የኒው ዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ምልክቶች፦ ከቀለሙ በፊት ፊደሉን ይመልከቱ

የኒው ዮርክን የምድር ውስጥ ባቡር ካርታ የሚዘረጋ እንግዳ ዓይኑ በቅድሚያ የሚያርፈው በቀለሙ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። ሰማያዊው መስመር ኤ፣ ሲ እና ኢ የተባሉ ሦስት ባቡሮች በማንሃተን ስምንተኛ አቬኑ ሥር የሚጋሩት መንገድ ሲሆን፣ ከማንሃተን ወደ ሌሎቹ የከተማዋ ክፍሎች ሲወጡ ግን ኢ ወደ ኩዊንስ፣ ኤ እና ሲ ደግሞ ወደ ብሩክሊን ይለያያሉ። ስለዚህ «ሰማያዊውን ያዝ» የሚል ምክር ግማሽ ምክር ነው።

አንዳንዶቹ ባቡሮች በፊደል፣ ሌሎቹ በቁጥር መጠራታቸው የመጣው ከታሪክ ነው። ቁጥር ያላቸው መስመሮች እ.ኤ.አ. በ1904 አገልግሎት የጀመረው የግል ኩባንያ ቅርስ ናቸው፤ ከተማው በ1940 ሁሉንም መስመሮች በአንድ አስተዳደር ሥር ቢያደርግም፣ የዚያ ኩባንያ ዋሻዎች ጠባብ በመሆናቸው ሰፋፊዎቹ ባለ ፊደል ባቡሮች ዛሬም አይገቡባቸውም። ይህ አሠራር ውስብስብ ቢመስልም ምክንያት ያለው በመሆኑ አከብረዋለሁ።

የማልቀበለው የኤ ባቡርን አሰያየም ነው። ብሩክሊንን አልፎ በሚደርስበት በኩዊንስ መጨረሻው ላይ አንዱ ወደ ሌፈርትስ ቡልቫርድ፣ ሌላው ወደ ፋር ሮካዌይ እየሄደ ሁለቱም ያንኑ ፊደል ይለጥፋሉ። ወደ ጆን ኤፍ ኬኔዲ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሄድ መንገደኛ ሃዋርድ ቢች ላይ ወርዶ ኤርትሬን የተባለውን የአውሮፕላን ማረፊያ ባቡር መያዝ ስላለበት፣ የሌፈርትሱ ባቡር አይጠቅመውም። ሻንጣ የያዘና በረራ የሚጠብቀው ሰው ከፊደሉ አጠገብ የተጻፈውን የመጨረሻ ጣቢያ ስም ካላነበበ ይሳሳታል፤ ለቅርንጫፉ የራሱ ፊደል ቢሰጠው ይህ ጭንቀት በቀላሉ ይቀር ነበር። በዚያ ላይ ቀን ቀን በማንሃተንና በብሩክሊን ጣቢያዎችን እየዘለለ የሚፈጥነው ኤ፣ ሌሊት በሁሉም ጣቢያ ይቆማል፤ ፊደሉ ግን አይለወጥም። በስድስትና በሰባት ቁጥር መስመሮች ላይ ፈጣኑ ባቡር በክብ ምልክት ፋንታ ባለ አራት ማዕዘን ምልክት መያዙ ከዚህ የተሻለ መፍትሔ ነው።

ፊደሉና ቁጥሩ በእርግጥ የሚረዱት በጣቢያ ስሞች ላይ ነው። በሃርለም 125ኛ ጎዳና የሚባሉ አራት የተለያዩ ጣቢያዎች በአራት መንገዶች ላይ ተራርቀው ይገኛሉ፤ በመሆኑም እዚያ ከሰው ጋር ለመገናኘት ቀጠሮ የሚይዝ ሁሉ ከጣቢያው ስም ጋር የባቡሩን ፊደል ወይም ቁጥር አብሮ ሊናገር ይገባል።