ሁጎ፦ መብራትና ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት ሰፈር

ቱሉ ዲምቱም ሆነ ለገጣፎ ተቀምጦ ብሎግ ለሚሠራ ሰው ከዎርድፕረስ ይልቅ ሁጎ የተባለውን የብሎግ መሥሪያ ፕሮግራም እመርጣለሁ። ዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) አይፈልግም፤ አንድ ፋይል አውርዶ መጫን ይበቃል። ኔትወርክ ቢጠፋም ላፕቶፑ ቻርጅ እስካለው ድረስ ፋየርፎክስ ላይ በሎካልሆስት 1313 (ላፕቶፑ ራሱ ላይ ባለ አድራሻ) እያዩ ማረም ይቻላል፤ ሴቭ ባደረጉ ቁጥር ገጹ ራሱ ይታደሳል። አቦሉ ተቀድቶ ሳያልቅ ብሎጉ በሙሉ ተገንብቶ ያልቃል።

ብዙ ሰው የሚቸገረው ሰዓቱ ላይ ነው። ጠዋት 09:00 ተብሎ የተጻፈ ጽሑፍ ሳይወጣ ይቀራል፤ ምክንያቱም ሁጎ የሰዓት ክልል ያልተጠቀሰበትን ቀን በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ይቆጥረዋል። እኛ በ3 ሰዓት ስለምንቀድም የወደፊት ጽሑፍ መስሎት ይዘለዋል። መፍትሔው ቀኑ መጨረሻ ላይ +03:00 መጨመር ነው።

ለአማርኛ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለውን ፎንት እዚያው ብሎጉ ፎልደር ውስጥ አስቀምጡ፤ ከውጭ ሰርቨር ሲጠራ በደካማ ዳታ ፊደሉ ዘግይቶ ይመጣል። ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ለማይወድ ሰው ግን ሁጎን አልመክርም።