የግቢዬ በር ሞተር፦ ከወራት በኋላ ስለ ሞተሩም ስለ መስመሩም

ተንሸራታቹን የብረት በሬን በሪሞት የሚከፍት ሞተር ካስገጠምኩ በኋላ ክረምቱም በጋውም አልፎበታል። ሞተሩ ባለ 24 ቮልት ነው። የ220 ቮልቱ መስመር እስከ በሩ ድረስ ይመጣና እዚያው ያለው ትራንስፎርመር ዝቅ ያደርገዋል። ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎችም አሉት።

ስለ ሞተሩ ብዙ አልልም፤ ወድጄዋለሁ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። ሊዘጋ ሲቃረብ ፍጥነቱን ይቀንሳል። መብራት ሲጠፋ በባትሪው ይሠራል፤ ባትሪውም ካለቀ በቁልፍ ፈትቶ በእጅ መግፋት ይቻላል። ገዢ ሁሉ የሚጠይቀው ይህንን ነው። ስለ መስመሩ ግን የሚጠይቅ አይበዛም። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ምርጥ ሞተር በዝርክርክ መስመር ላይ ከሚሠራ፣ መካከለኛ ሞተር በደህና መስመር ላይ ቢሠራ ይሻላል።

በሩ ብረት ነው። ዝናብ ይመታዋል፤ ልጆች ይደገፉታል፤ እርጥብ መሬት ላይ ቆመን በእርጥብ እጅ እንነካዋለን። አንድ የተላጠ ሽቦ ከሞተሩ አካል ጋር ቢነካካ በሩ በሙሉ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል። ለዚህ ነው አረንጓዴና ቢጫው የመሬት ሽቦ ሳይታሰር ሞተሩ እንዳይነሳ ለባለሙያው አስቀድሜ የነገርኩት። ለበሩ ብቻ የሚሆን ብሬከርና ባለ 30 ሚሊአምፔር አርሲዲ ተገጥሞለታል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ብሬከር ገመዱን ከመቃጠል ያድናል። ባለ 16 አምፔር ብሬከር ሰው የሚገድለውን ኤሌክትሪክ እንኳ ሳይቆርጥ ያሳልፋል። አርሲዲው ግን ኤሌክትሪክ በሰው በኩል ወደ መሬት ሲያመልጥ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይቆርጣል። መሞከሪያ ቁልፉን በየጊዜው እጫነዋለሁ፤ አንድም ቀን ሳይቆርጥ አልቀረም።

ገመዱ በብረት የተጠቀለለ፣ ለመሬት ውስጥ የተሠራ ነው። 60 ሴንቲሜትር ያህል ተቆፍሮ ተቀብሯል፤ ወደፊት የሚቆፍር ሰው እንዲነቃ ከላዩ ማስጠንቀቂያ ፕላስቲክ ተነጥፏል። በበሩ መንገድ ላይ ሰው ወይም ዕቃ መኖሩን የሚያውቁት የሰንሰሮቹ ቀጭን ሽቦዎች በሌላ ቱቦ ነው የሚሄዱት። ከ220ው ጋር አንድ ቱቦ ውስጥ ቢሆኑ ኖሮ፣ አንድ ቦታ የተላጠ ገመድ አደጋውን ወደ ሰንሰሩም ይወስደው ነበር።

«ትራንስፎርመሩ ቤት ውስጥ ይቀመጥና 24 ቮልቱን ብቻ ወደ በሩ እንሳበው» የሚል ሐሳብ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ለአጭር ርቀት ያስኬዳል። 40 ሜትር ሲሆን ግን ሒሳቡ እምቢ ይላል። ሞተሩ 10 አምፔር ቢስብ፣ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ገመድ ላይ 6 ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይቀራል። ከ24ቱ ሩብ ሄደ ማለት ነው። ሞተሩ ይለግማል። በ220 ቮልት ግን ያው ኃይል የሚፈልገው ከ1 አምፔር ትንሽ በለጥ ያለ ነው፤ የሚባክነው 1 ቮልት እንኳ አይሞላም።

ቅር ያለኝም ነገር አለ። የመቆጣጠሪያ ሳጥኑ ክዳን ጎማ ስስ ነው። ከከባድ ዝናብ በኋላ ውስጡ እርጥበት አየሁ፤ ጉንዳንም ባልተዘጉት ቀዳዳዎች ገብቶ ነበር። ጎማው ተቀየረ፤ ገመዶቹ ሁሉ ከታች በኩል በሚያጠብቅ መግቢያ እንዲገቡ ተደረገ፤ ከዚያ ወዲህ ደረቅ ነው። ከመብረቅና ከድንገተኛ የቮልቴጅ ጭማሪ የሚከላከል ዕቃም አብሮት አይመጣም፤ ለብቻው ማስገጠም ነበረብኝ። ሳጥኑ ውስጥ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ በቀላሉ የሚበላሽ ስለሆነ ፋብሪካው ራሱ ሊጨምርበት ይገባ ነበር።

ባትሪ ያለው ሞተር ለምትገዙ አንድ ነገር አደራ። ብሬከሩን ማጥፋት ብቻውን አይበቃም። ባትሪው እስካልተነቀለ ድረስ አንድ ሰው ሪሞቱን ከተጫነ በሩ ይንቀሳቀሳል፤ በሩን የሚገፋው የሞተሩ ጥርስ ውስጥ የገባ ጣት አይተርፍም። እኛ ቤት ክዳኑ ከመከፈቱ በፊት ብሬከሩ ይወርዳል፣ በሩ አጠገብ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ይጠፋል፣ የባትሪው ሽቦ ይነቀላል፣ ሪሞቶቹም የሚሠራው ሰው ኪስ ውስጥ ይገባሉ።