ኤንኤፍኤል ፕላስ ፕሪሚየም፦ የታይት ኤንድን ሥራ ለማየት ገንዘብ ያወጣል?

የእሁዱን የአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታ በትልቅ ቴሌቪዥን በቀጥታ ማየት ብቻ ለሚፈልግ ሰው ኤንኤፍኤል ፕላስ ፕሪሚየም፣ ሊጉ (ኤንኤፍኤል) በክፍያ የሚሰጠው የቪዲዮ አገልግሎት፣ ትክክለኛው ግዢ አይደለም። አንድ ታይት ኤንድ (ተከላካይም የሚገፋ፣ ኳስም የሚቀበል አጥቂ) በዓመት ያን ሁሉ ሚሊዮን ዶላር የሚያገኘው ምን ሠርቶ እንደሆነ መረዳት ለሚፈልግ፣ ወይም ልጁ አሜሪካ ውስጥ በሃይስኩል ቡድን በዚህ ቦታ ለሚጫወት ወላጅ ግን ከጥቅሉ አንዷ ክፍል ብቻዋን ዋጋውን ትመልሳለች። እሷም የአሰልጣኞች ፊልም፣ በተለምዶ «ኦል 22» የሚባለው ቀረጻ ነች።

የቴሌቪዥን ካሜራ ኳሱን ይከተላል። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ እያየ ያደገ ዓይንም ያንኑ ለምዷል። ታይት ኤንድ ደግሞ አብዛኛውን ሥራውን የሚሠራው ኳሱ ሌላ ሰው እጅ እያለ ነው። አንዴ ከግዙፎቹ የመስመር ተጫዋቾች ጎን ተሰልፎ ተከላካይ ይገፋል፣ አንዴ ሮጦ ኳስ ይቀበላል፣ አንዳንዴ በአንድ ፕሌይ (ኳሱ ተነስቶ እስኪቆም ባለው እንቅስቃሴ) ውስጥ ሁለቱንም ያደርጋል። በስርጭቱ የምናየው የመጨረሻውን፣ ኳሱን ሲይዝ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ማንን መትቶ እንደወጣ፣ ተከላካዩን በየት በኩል እንዳመለጠው ከካሜራው ውጭ ይቀራል።

ኦል 22 ላይ 22ቱም ተጫዋቾች በአንድ ምስል ውስጥ ይታያሉ። እያንዳንዱ ፕሌይ ሁለት ጊዜ ይቀርባል፤ አንዴ ከሜዳው ጎን ከፍ ብሎ ከተተከለ ካሜራ፣ አንዴ ደግሞ ከኢንድ ዞን (ከሜዳው ጫፍ ካለው የነጥብ ክልል) ጀርባ። የሚተነትን ጋዜጠኛ የለም፣ ማስታወቂያ የለም፣ ቀስ ብሎ የሚደገም ምስልም የለም። ስሟ ከታይት ኤንዱ ትራቪስ ኬልሲ ጋር የተያያዘውን ዘፋኝ ቴይለር ስዊፍትን ከክብር መቀመጫዋ ለማየት የሚከፍል ካለ ገንዘቡን ይቆጥብ፤ ይህ ካሜራ ወደ ተመልካች ዞሮ አያውቅም። ሊጉ ፊልሙን ለሕዝብ የከፈተው በ2012 ነው (ቀኖቹና ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይህ ለታይት ኤንድ ወዳጆች የራሱ ጉዳት አለው። 17 የውድድር ዘመን ተጫውቶ 1,325 ኳስ የያዘውና በዚህ ቦታ የሚስተካከለው ያልተገኘው ቶኒ ጎንዛሌዝ ያኔ የቀሩት ሁለት ዘመናት ብቻ ነበሩ። ስለዚህ የቆየ ተጫዋች ለማጥናት ብላችሁ ከሆነ፣ የምትፈልጉት ዘመን በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ሳታዩ አትክፈሉ።

አጠቃቀሙ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፊልሙን ከመጀመሪያው ፕሌይ እስከ መጨረሻው ለማየት በመሞከር ነው። አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ ከ60 እስከ 65 ገደማ የማጥቃት ፕሌይ ይሠራል። ያንን ሁሉ ከሁለት አቅጣጫ፣ እየደጋገሙ ማየት ሙሉ ምሽት ይበላል፤ ከግማሹ በኋላ ዓይን ማየቱን ያቆማል። የሚሻለው አስቀድሞ በዚያው ጥቅል ውስጥ ያለውን፣ 45 ደቂቃ ገደማ የሚፈጀውን አጭር ድጋሚ ማየት ነው። በዚያ ላይ 15 ያህል ፕሌይ ምረጡ፣ ኳርተሩን (ከጨዋታው አራት ክፍሎች የትኛው እንደሆነ) እና ሰዓቱን ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ከዚያ ወደ አሰልጣኞች ፊልም ግቡ። ስትመርጡ ኳስ የያዘባቸውን ብቻ አትውሰዱ። ቢያንስ ግማሾቹ ሩጫ፣ ወይም ኳሱ ወደ ሌላ ሰው የሄደባቸው ይሁኑ።

እያንዳንዱን ፕሌይ ስትከፍቱ የመጀመሪያው ሥራ ኳሱ ከመነሳቱ በፊት ምስሉን ማቆም ነው። ታይት ኤንዱ የት ቆሟል? ከታክሉ (ከመስመሩ ጫፍ ካለው ግዙፍ ተጫዋች) ጎን አንድ እጁን መሬት አስደግፎ ከሆነ ሁለት ሥራ ይጠበቅበታል፤ ተከላካዩ ሩጫ ይሁን ፓስ አያውቅም። ከመስመሩ ጥቂት ያርድ ራቅ ብሎ ቀጥ ብሎ ከቆመ ፓስ የመሆን ዕድሉ ይጨምራል። ብቻውን ጥግ ድረስ ወጥቶ ከሆነ ደግሞ ማን ተከትሎት እንደወጣ እዩ። ላይንባከር ወይም ሴፍቲ (በመሀል የሚቆሙ ተከላካዮች) አብሮት ከወጣ አብዛኛውን ጊዜ ሰው በሰው ነው የሚጫወቱት፤ ኮርነርባኩ (የጠርዝ ተከላካዩ) ከቦታው ሳይነቃነቅ እሱን ከተቀበለ ዞን ነው፣ ሰው ሳይሆን ቦታ ይጠብቃሉ። ኳርተርባኩ (ኳሱን የሚወረውረው) ይህን መልስ ኳሱ ከመነሳቱ በፊት ያገኘው ታይት ኤንዱ ስለወጣለት ነው። በስታቲስቲክስ ውስጥ ግን አንድም ቦታ አይመዘገብም።

እዚያው ቆማችሁ አንድ ነገር ጨምራችሁ አረጋግጡ። በሕጉ አጥቂው ቡድን ቢያንስ ሰባት ሰው መስመሩ ላይ ማሰለፍ አለበት፤ ከመስመሩ ሰዎች ኳስ መቀበል የሚፈቀድላቸው ግራና ቀኝ ጫፍ ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። በታይት ኤንዱ በኩል ያለው ሪሲቨር (ኳስ ተቀባይ) እሱም መስመሩ ላይ ከቆመ ታይት ኤንዱ ይሸፈናል፤ ለፓስ ወደፊት ከሮጠ የ5 ያርድ ቅጣት ነው። ሪሲቨሩ አንድ እርምጃ ወደኋላ ሸሸት ብሎ የሚቆመው ለዚህ ነው። በሃይስኩል ጨዋታ ቡድኖች በዚህ ስህተት ጥሩ ጥሩ ፕሌይ ያጣሉ፤ በጎኑ ካሜራ ላይ ደግሞ ስህተቱ ወዲያው ይታያል።

ለሩጫ ፕሌዮች ከኢንድ ዞን ጀርባ ያለውን እይታ ውሰዱ። የጎኑ ካሜራ ለብሎክ (ተከላካይን ገፍቶ መንገድ ለመክፈት ሥራ) ምንም አይረዳም፤ ሰውነት በሰውነት ላይ ተደራርቦ እጅና እግር አይለይም። እዚህ ግን የመጀመሪያዋ እርምጃ ትታያለች፤ አጭር፣ ከስንዝር የማትበልጥ፣ ሩጫው ወደሚሄድበት ጎን የምታዘነብል መሆን አለባት። እርምጃዋ ከረዘመች እግሩ አየር ላይ እያለ 120 ኪሎ ገደማ የሚመዝነው ዲፌንሲቭ ኤንድ (የመከላከያ መስመር ጫፍ ተጫዋች) ይመታዋል፤ ወደኋላ ከተወሰደች ደግሞ ተከላካዩ በውስጥ በኩል ሾልኮ ኳስ ተሸካሚውን ከመስመሩ ኋላ ይይዘዋል። ቀጥሎ እጆቹን እዩ። ሁለቱም መዳፎች ከተከላካዩ ደረት ላይ፣ ከትከሻዎቹ ውስጥ ማረፍ አለባቸው። ወደ ውጭ ወጥተው ማሊያ ከጨበጡ ዳኛው ሆልዲንግ ብሎ 10 ያርድ ይቀጣል። ዳሌው ከተከላካዩ ዳሌ በላይ ከሆነ የተቀረው ሁሉ ቢስተካከል እንኳ መገፋቱ አይቀርም። የሳን ፍራንሲስኮው ጆርጅ ኪትል ለዚህ ጥናት የሚመረጠው በዚህ ነው፤ እርምጃው፣ እጁና ዳሌው ባንድ ጊዜ ይደርሳሉ። ይህ ሰው በ2017 በሊጉ አዲስ ተጫዋቾች ምርጫ (ድራፍት) በአምስተኛው ዙር፣ 146ኛ ሆኖ ነው የተመረጠው። በማግስቱ ዓመት በ2018 በያዛቸው ኳሶች 1,377 ያርድ አስመዘገበ፤ ሳን ፍራንሲስኮ ግን ሩጫውን በእሱ በኩል መላኩን አልተወም።

የፓስ ፕሌዮችን ደግሞ በጎኑ ካሜራ። እዚህ ላይ ስርጭቱ ፈጽሞ የማያሳየው ቺፕ የሚባለው አለ፤ ታይት ኤንዱ ኳስ ለመቀበል ሮጦ ከመውጣቱ በፊት ኳርተርባኩን ሊያሳድድ የሚመጣውን ተከላካይ በትከሻው ገጭ አድርጎ ያልፋል። ለታክሉ ትልቅ እርዳታ ነው። በዚያው ልክ የራሱን ሩጫ ያዘገየዋል፤ ስለዚህ «ዛሬ ለምን ኳስ አልደረሰውም?» ለሚለው የፋንታሲ ተጫዋቾች (በእውነተኛ ተጫዋቾች ውጤት ነጥብ የሚወዳደሩ ተመልካቾች) ቁጣ መልሱ ብዙ ጊዜ እዚህ ነው ያለው።

አገልግሎቱ ከሁሉም በላይ ዋጋውን የሚያሳየው በትራቪስ ኬልሲ ላይ ነው። ካንሳስ ሲቲ በ2013 በሦስተኛው ዙር፣ 63ኛ አድርጎ መረጠው፤ በመጀመሪያው ዓመት በጉልበት ቀዶ ሕክምና ምክንያት አንድ ጨዋታ ብቻ ተሰለፈ። ከ2016 እስከ 2022 ግን ሰባት ተከታታይ ዘመን ከ1,000 ያርድ በላይ አስመዝግቧል፤ ይህን ያደረገ ሌላ ታይት ኤንድ የለም። ፊልሙን ስታዩ ፍጥነቱ እንዳልሆነ ትረዳላችሁ። ኬልሲ ብዙ ጊዜ የሚሮጠው የተወሰነ መስመር ሳይሆን ምርጫ ነው፤ ተከላካዩ በውስጥ ከቆመ ወደ ውጭ ይታጠፋል፣ በውጭ ከቆመ ወደ ውስጥ፣ ዞን ከሆነ ክፍተቱ ውስጥ ቆም ብሎ ፊቱን ወደ ኳርተርባኩ ያዞራል። በሃይስኩል እሱ ራሱ ኳርተርባክ ስለነበር የመከላከሉን አሰላለፍ ከዚያ በኩል ማንበብ ያውቃል። የዚህ አጨዋወት አደጋው ሁለቱ የተለያየ ነገር ካነበቡ ነው፤ ኳሱ ማንም በሌለበት ያርፋል፣ ወይም ተከላካይ ይወስደዋል። በስርጭቱ «መጥፎ ውርወራ» የሚባለው ስንቱ ከዚህ እንደሚመጣ ጥቂት ፊልም ያየ ያውቀዋል።

ጥር 23 ቀን 2022 ቡፋሎ ካንሳስ ሲቲን 36 ለ 33 እየመራ 13 ሰከንድ ሲቀር የሆነውን ሁሉም ያስታውሰዋል። ታይሪክ ሂል 19 ያርድ ወሰደ፣ ኬልሲ 25 ያርድ ጨመረ፣ ረጋጩ በትከር ከ49 ያርድ አስገብቶ አቻ አደረገ፤ በጭማሪው ሰዓት ኬልሲ ራሱ በታችዳውን (ኳሱን ኢንድ ዞን ውስጥ በማድረስ) ጨረሰው፣ 42 ለ 36። ሁለተኛዋን ፕሌይ ከላይ ስታዩት የቡፋሎ ተከላካዮች የሜዳውን ጠርዞች ሲጠብቁ መሀሉ ክፍት ነው። ካንሳስ ሲቲ ሰዓት የሚያስቆምበት ጥሪ በእጁ ስለነበረ መሀል ላይ መያዝ አላስፈራውም። ኬልሲ ያን ክፍተት አይቶ ቀጥ ብሎ ገባበት። ኦል 22 ግን የማይሰጣችሁ አንድ ነገር አለ፦ የካንሳስ ሲቲው ኳርተርባክ ማሆምስ ኳሱ ከመነሳቱ በፊት ያየኸውን አድርግ ብሎ ለኬልሲ የጮኸው አይሰማም። ፊልሙ ድምፅ አልባ ነው። ስለዚህ መስመሩ ላይ የሚደረጉ የንግግር ለውጦችን ለማወቅ ሙሉውን ድጋሚ ጎን ለጎን መክፈት የግድ ይላል።

ሁለተኛው መታየት ያለበት የሮብ ግሮንካውስኪ የመጨረሻ የኒው ኢንግላንድ ጨዋታ፣ 53ኛው ሱፐር ቦውል (ከራምስ ጋር የተደረገው የሊጉ ፍጻሜ) ነው። በዚያ ዘመን 47 ኳስና 3 ታችዳውን ብቻ ስለነበረው አበቃለት ተብሎ ነበር። በአራተኛው ኳርተር 3 ለ 3 እያሉ ኒው ኢንግላንድ ሁለት ታይት ኤንድና አንድ ፉልባክ (ለሯጩ መንገድ የሚከፍት ተጫዋች) አስገባ፤ ራምስ ሩጫ ነው ብለው ከባድ ተጫዋቾቻቸውን አሰለፉ፤ ያን ጊዜ ሁሉንም በሜዳው ስፋት በተኗቸው። ግሮንካውስኪ ላይንባከር ደረሰው፣ 29 ያርድ ወስዶ 2 ያርድ መስመር ላይ ወደቀ፣ ሶኒ ሚሼል በሩጫ አስገባት። ያ ዘዴ የሠራው ግሮንካውስኪ ብሎክ ማድረግ ስለሚችል ነው። ኳስ ተቀባይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ራምስ ፈጣን ተከላካይ ከማስገባት ምን ያግዳቸው ነበር?

የአንድን ተጫዋች ሙያ ከወጣትነት እስከ ማምሻው ለመከተልም ፊልሙ ይጠቅማል። ኬልሲ በ2020 በ105 ኳስ 1,416 ያርድ ሲያገኝ በአማካይ 13.5 ያርድ ነበር፤ በ2024 በ97 ኳስ 823 ያርድ፣ አማካዩ 8.5። ቁጥሩ ወረደ ይላል፣ እንዴት እንደወረደ አይልም። ከሁለቱ ዘመናት አሥር አሥር ፕሌይ ወስዳችሁ ኳሱን ከመስመሩ ስንት ያርድ ርቆ እንደያዘና ከያዘ በኋላ ስንት እርምጃ እንደሄደ ለየብቻ ጻፉ። የትኛው እንዳጠረ ወረቀቱ ይነግራችኋል።

አሁን ስለ ጉድለቱ። ኦል 22 ጨዋታው ካለቀ በኋላ እንጂ በቀጥታ አይገኝም። በስልክ ማየት አይመከርም፤ 22 ሰው በመዳፍ በምታክል ስክሪን ላይ ቁጥራቸው አይነበብም፣ የእጅ አቀማመጥማ ጭራሽ። በኮምፒውተር ክፈቱት። የቀጥታ ጨዋታዎቹ የአካባቢያችሁና የማታዎቹ ብቻ ናቸው፣ እነሱም በስልክና በታብሌት። ከአካባቢያችሁ ውጭ ያሉትን የእሁድ ጨዋታዎች የሚሸጠው ከ2023 ጀምሮ ዩቲዩብ ነው፣ በሰንደይ ቲኬት፤ ዋጋውም ሌላ ዓለም ነው። ርካሹ ኤንኤፍኤል ፕላስ የአሰልጣኞች ፊልም የለውም፤ በስሙ ተመሳሳይነት ተታልሎ እሱን የሚገዛ አይጠፋም።

ፕሪሚየሙ በ2022 ሲጀመር በወር 9.99 ዶላር ነበር፤ በ2023 ሬድዞን (የእሁድ ጨዋታዎችን ወሳኝ ቅጽበቶች እያዘዋወረ የሚያሳየው ቻናል) ተጨምሮበት 14.99 በወር፣ 99.99 በዓመት ሆነ። በዚያ ዋጋ ዓመታዊው የሚያዋጣው ሰባት ወርና ከዚያ በላይ ለሚጠቀም ነው። ለፊልም ብቻ የሚፈልግ ግን በየካቲት፣ ሱፐር ቦውሉ ካለቀ በኋላ፣ አንድ ወር ቢገዛ የዘመኑ ፊልም በሙሉ ተጭኖ ይጠብቀዋል። ምዝገባው በራሱ ስለሚታደስ በከፈላችሁበት ቀን ገብታችሁ እድሳቱን ዝጉ፤ ወሩ እስኪያልቅ መጠቀም ትችላላችሁ። ከአሜሪካ ውጭ፣ በአውሮፓም ሆነ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ላላችሁ ኤንኤፍኤል ፕላስ አይደለም የሚሠራው። ዓለም አቀፉ ጌም ፓስ ከ2023 ጀምሮ በዳዝን በኩል ነው የሚሸጠው፤ በምትገዙት ጥቅል ውስጥ የአሰልጣኞች ፊልም መካተቱን ከካርድ ቁጥራችሁ በፊት አረጋግጡ።